በደሴ የት ይበላል? ከፉል ቤት እስከ ጀበና ቡና

ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ደሴ የሚመጡ ወዳጆቼ ገና መናኸሪያ ሳይደርሱ ስልክ ደውለው የሚጠይቁኝ የት ገብተው እንደሚበሉ ነው። እኔም በምላሹ ሁለት ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ በስንት ሰዓት እንደሚወጡና አብሯቸው የሚቀመጠው ማን እንደሆነ። በዚህች ከተማ ጥሩ ቤት የሚለየው በሰዓቱና በገበታው ዙሪያ በሚሰበሰበው ሰው እንጂ በበሩ ላይ በተሰቀለው ስም አይደለም። ስሙማ ይቀያየራል፤ ባለቤቱም ይለዋወጣል፤ በተለይም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ከዘለቀ ወዲህ ማሽኑንና ወንበሩን አጥቶ ከባዶ የጀመረው ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ የማወራው ስለ ሰፈርና ስለ ሰዓት ይሆናል።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ ክረምት ላይ ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እንኳ ፊት ለፊት የሚመጣው ሰው በቅጡ አይታይም። እንዲህ ባለው ጠዋት የሚፈለገው ትኩስ ነገር ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከትኩስ ነገር ሁሉ ፉልን የሚስተካከለው የለም። በአራዳና በሸዋ በር አካባቢ ጠባብ፣ ግድግዳቸው በእንፋሎት የወዛ፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር ብቻ ያላቸው ፉል ቤቶች አሉ። ባቄላው ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ ሲበስል አድሮ ጠዋት በጭልፋ እየተቀዳ ወደ ብረት ሳህን ይገለበጣል፤ ፉል ሠሪው በብርጭቆ ቂጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጫነዋል እንጂ ፈጽሞ አያደቅቀውም። ግማሹ ባቄላ ሳይፈርስ መቅረት አለበት፤ ሾርባ እስኪመስል የተደቆሰ ፉል ከቀረበላችሁ ሠሪው ቸኩሏል ወይም ባቄላው የትናንት ነው ማለት ነው። ከዚያ ዘይቱ፣ በደቃቁ የተከተፈው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ቃሪያውና ከሙኑ ይታከልበታል። እንቁላል ወይም እርጎ የሚያስጨምርም አለ፤ እኔ ግን እርጎው የከሙኑን ጠረን ስለሚገድልብኝ አልወደውም። ዳቦው የዚያው ጠዋት መሆን አለበት፤ የደረቀ ዳቦ ያለው ፉል ቤት ባቄላው የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ሁለተኛ አልገባበትም።

ፉል ቤቱን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሥጋ ላይ ሲደርሱ ግን እያንዳንዱ የየራሱን እርድ ይበላል። ሠርግ የሚደግስ ሰው በሬውን ለሁለት ወገን ለይቶ ያሳርዳል፤ ወጡም በተለያየ ድስት ይሠራል፤ ይህንንም እንደ ችግር የሚቆጥረው የለም፤ የድግስ ወጉ ነው። ከተማው ውስጥ ያሉት ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶችም እንዲሁ በራቸው ላይ ጨረቃ ወይም መስቀል አድርገው የማን እንደሆኑ ይናገራሉ። እንግዲህ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተሰባስቦ ቁርስ ሊበላ የወጣ ሰው ሁሉንም በአንድ ሳህን ዙሪያ የሚያስቀምጠውን ቤት ይመርጣል፤ ያም ቤት ፉል ቤቱ፣ ሹሮ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ ነው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጿሚው ፉሉን በዘይት ብቻ አስደርጎ ከማይጾመው ጎን ይቀመጣል። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት የአይጠየፍ አዳራሽ የከተማዋ ታላቅ የድግስ ቤት መሆኑ አይካድም፤ የዛሬውን የደሴን ገበታ ማየት ለሚፈልግ ሰው ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፉል ቤት ገብቶ አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ መቀመጥ ይበቃዋል።

ሥጋ ያማረው ሰው ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ይውጣ። ሥጋው ተሰቅሎ የሚታይበት፣ ቆራጩ እናንተ ያላችሁትን ብልት ፊታችሁ የሚመዝንበት ቤት ይሻላል፤ በወረቀት ላይ የምግብ ዝርዝር ይዞ የሚመጣው ቤት ጥብሱን ሽንኩርት ያበዛበታል። ቀይ አዋዜ ከሚጥሚጣ ጋር እንዲያቀርቡላችሁ ጠይቁ። በጾም ቀን የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ተዘግቶ ስለሚውል የሙስሊሙ ይደምቃል፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ቡና በማሽን ለሚፈልግ ደሴም የራሷ ፒያሳ አላት። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በቆየባቸው ዓመታት በብዙ የአገራችን ከተሞች እንደተወው ሁሉ እዚህም የሰፈር ስምና የማኪያቶ ልማድ ትቶ ሄዷል። በፒያሳ ዙሪያ ካሉት ካፌዎች የምመርጠው በምድር ቤት ያለውን፣ ባንኮኒው ከበሩ የማይርቀውን ነው። ማኪያቶ ጠቆር ይበል ወይም ነጣ ይበል ብላችሁ ስታዙ የሚቀዳውን ሰው ዓይኑን እያያችሁት ከሆነ ያላችሁት ይመጣል። አዳዲሶቹ ባለ መስታወት ሕንፃዎች ላይ ያሉት ካፌዎች ለዓይን ያምራሉ፤ ከተማዋንና ጦሳን አንድ ላይ ያሳያሉ፤ ነገር ግን ሙዚቃው ከጎን ያለውን ሰው አያሰማም፤ ማኪያቶውም በደሴ ብርድ ሦስት ፎቅ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ አረፋው ጠፍቶ ለብ ብሏል። ለሽምግልናና ለዕቁብ ስብሰባ ግን ከእነርሱ የተሻለ ስፋት ያለው የለም፤ ይህን አልክድም።

የዓመቱ ምርጥ መብል የሚገኘው ከካፌም ከምግብ ቤትም ውጭ፣ በረመዳን ምሽት በሸዋ በር መስጊድ አካባቢ መንገድ ዳር ነው። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ጠረጴዛው ይወጣል፤ ዘይቱ ይግላል፤ ሳምቡሳው ሰፌድ ሙሉ ይደረደራል፤ ተምሩና ሾርባው ይቀርባል። የሳምቡሳው ሆድ ምስር ሲሆን ነው የሚጣፍጠው፤ ምስሩ እንዳይላሽቅ ብዙ ሳይበስል ይወጣና በቃሪያና በሽንኩርት ይታሻል፤ ሊጡም እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ሲነከስ መሰበር አለበት። መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ስለጀመሩ የምስሩ ሳምቡሳ ለሁለቱም ጿሚ ሆነ፤ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ የሚጠብቀውና ከቅዳሴ የተመለሰው በአንድ ሰልፍ ቆመው ሲገዙ ሻጯ ለማን ስንት እንደምትጠቀልል ግራ ይገባት ነበር።

የጀበና ቡናው ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። ከአራዳ ወደ ሙጋድ በሚወስዱት መንገዶች ዳር ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ረከቦት ዘርግተው፣ ዕጣን አጭሰው የሚያፈሉ ሴቶች አሉ፤ ወንበሩ ዝቅ ያለ ዱካ ስለሆነ ረጅም ሰው ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ይቀመጣል። በሌላ ከተማ መንገድ ዳር አንድ ስኒ ጠጥቶ ሒሳብ ከፍሎ መሄድ ልማድ ሆኗል፤ እዚህ ግን አቦሉን ጠጥቶ የተነሣን ደንበኛ ቡና አፍይዋ በቀላሉ አትለቀውም። አንድ ቀን አጠገቤ የነበረ ወጣት ታክሲ ሊያመልጠኝ ነው ብሎ ሲነሣ፣ «አብሽር የኔ ልጅ፣ ታክሲው ይመለሳል፤ በረካው ሳይደርስ የት ትሄዳለህ?» አለችው፤ እርሱም፣ «እሺ እትዬ፣ ቶናውን ብቻ» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ፤ በረካውንም ጠጥቶ ነው የሄደው። ጤና አዳም ከፈለጋችሁ ስኒው ከመቀዳቱ በፊት ተናገሩ። ቆሎው የገብስና የሽምብራ ድብልቅ ሆኖ ትኩስ ከሆነ ምሳ አያስፈልጋችሁም። ቀሪቦ የሚያቀርቡ ቤቶችም አሉ፤ ከተቆላ ገብስ የሚጠመቅ፣ ጣፋጭና የማያሰክር መጠጥ ስለሆነ ጠላ የማይጠጣው ሁሉ ይጠጣዋል።

ብርዱ ለመረረው ሰው ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ስትደርሱ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ፤ እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የማንጎና የአቮካዶ ጭማቂ ድብልቅ መጠጣት ነው፤ ለምግብ ብዬ ግን ከደሴ ወደዚያ አልወርድም።

ለምግብ የምሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቅ ነው። በእስጢፋኖስ ገዳም ስሟ የታወቀው ይህች ከተማ ዓሣ በላተኛውን የምትስበው በቆሮሶ ነው፤ ቆሮሶው የሐይቁ ነባር ነዋሪ ሳይሆን ሰው አምጥቶ የለቀቀው ዓሣ ነው፤ ዛሬ ግን ያለ እርሱ ሐይቅን የሚያስብ የለም። ሙሉውን፣ ጎንና ጎኑን በቢላ ተተልትሎ በዘይት የተጠበሰውን እዘዙ፤ ጨውና ሚጥሚጣው በትልታሉ ውስጥ ስለሚገባ እስከ አጥንቱ ይጣፍጣል፤ ሎሚውን ከላይ ጭመቁበት። ዓሣውን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለ ልዩነት ስለሚበላው የተቀላቀለ ቡድን ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ከሁሉ የቀለለው ምሳ ነው፤ በዐቢይ ጾም ብቻ ከጿሚዎቹ መካከል ዓሣ የሚበላውንና የማይበላውን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። እሑድ ግን አትሂዱ፤ ደሴ በሙሉ እዚያ ስለሚወርድ ትልልቁ ዓሣ ከአምስት ሰዓት በፊት አልቆ የሚቀርብላችሁ እሾሁ ከሥጋው የበዛ ትንንሹ ነው። በሥራ ቀን፣ ጀልባዎቹ ከተመለሱ ብዙም ሳይቆይ ድረሱ፤ ዓሣውንም ገና ጥሬውን አይታችሁ ምረጡ።