ፍልሰታን በዊትቢ፦ ኩሽና ያለው ቤት ተከራይተን እንዴት እንዳረፍን

እንግሊዝ አገር ልጅ የምታሳድጉ ታውቁታላችሁ። ትምህርት ቤት በጁላይ ማብቂያ ይዘጋል፣ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ይከፈታል። ፍልሰታ ደግሞ እዚያው መሐል፣ ከኦገስት 7 እስከ 21 ትውላለች። የልጆቹ ጓደኞች ሁሉ ባሕር ዳርቻ ሄደዋል፣ እኛ ጾም ላይ ነን። ሆቴል ብንይዝ የከፈልንበት ቁርስ እንቁላል፣ ቋሊማና ቅቤ የተቀባ ዳቦ ነው፤ ያውም የሚቀርበው ገና እህል በማንቀምስበት ሰዓት ነው። ማታ ማታ ሬስቶራንት ገብቶ ለስድስት ሰው የጾም ምግብ መፈለግም በየቀኑ የሚቻል አይደለም።

እኛ ቤት ነገሩ የተፈታው በኩሽና ነው። ሙሉ ኩሽና ያለው ቤት ለአንድ ሳምንት እንከራያለን፣ ምግባችንን ራሳችን እንሠራለን። «በሱባኤ ሰሞን ሽርሽር ምን ይሉታል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም ለንስሐ አባታችን አቅርበነዋል። ጸሎቱ እንዳይታጎል፣ ልጆቹም ከጾሙ እንዳይለዩ አደራ ብለውናል። ስለዚህ ጠዋት ውዳሴ ማርያም አብረን ደግመን ነው ከቤት የምንወጣው።

የመረጥነው ከተማ ዊትቢ ነው፤ በዮርክሸር፣ ኤስክ ወንዝ ከሰሜን ባሕር የሚገናኝበት ወደብ። ከሊድስ ተነስቶ ዮርክን አልፎ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ግን በኦገስት ተራራማው ምድር ሁሉ በሄዘር አበባ ወይን ጠጅ ሆኖ ይቆያል፤ እናቴ መስኮቱን ሳትለቅ ነው የደረሰችው። ከሚድልስብራ የሚነሳ ባቡርም አለ፤ በቀን የሚመላለሰው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ ሰዓቱን ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ቤት ስትመርጡ መጀመሪያ የምትወስኑት የወንዙን ማዶና ማዶ ነው። በምሥራቁ በኩል ቸርች ስትሪት የሚባለው ጥንታዊ መንገድ አለ፤ ኮብልስቶን የተነጠፈበት፣ ግራና ቀኙ በጠባብ ግቢዎች የተሞላ፣ ድሮ ዓሣ አጥማጆች የኖሩባቸው ቤቶች ያሉበት። ፎቶው ልብ ይሰርቃል። ነገር ግን የእነዚህ ቤቶች ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፣ መኝታው ላይ፣ መታጠቢያው ታች ሊሆን ይችላል፣ መኪና ደግሞ በራፍ ላይ አይቆምም። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ስለዚህ በምዕራቡ ኮረብታ ላይ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ መኝታና መታጠቢያ ያለው ቤት ያዝን። ሽማግሌ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህንኑ እመክራለሁ፤ አሮጌውን ሰፈር በእግር ማየት ይቻላል፣ ማደር የግድ አይደለም። በኦገስት አብዛኛው ቤት የሚከራየው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ወይም ከዓርብ እስከ ዓርብ በሙሉ ሳምንት ነው። እኛ ሳምንቱን የመረጥነው ነሐሴ 16 በመሐሉ እንድትውል አድርገን ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጾመን፣ እዚያው ፈትተን፣ በፍስክ እንድንመለስ። እንዲህ ያለውን ቀን በምርጫችሁ ማግኘት ከፈለጋችሁ ገና በክረምቱ፣ ጃንዋሪ ላይ መያዝ ነው።

ኩሽናው ላይ ግን ጊዜ ወስዳችሁ አከራዩን ጠይቁ። «ሙሉ ኩሽና» የሚለው ቃል ለእነሱና ለእኛ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ ምድጃው ኢንዳክሽን ነው ወይ የሚል ይሁን። ኢንዳክሽን የሚያሞቀው ማግኔት የሚይዘውን ብረት ብቻ ስለሆነ የሸክላ ጀበና ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥበት ውኃው አይሞቅም። የአሉሚኒየም ድስትም እንደዚያው ነው። የተያዘው ቤት ኢንዳክሽን መሆኑን ስላወቅን ትንሽ የብረት ማንቆርቆሪያ ይዘን ሄድን፤ ቡናው በእሷ ይፈላል፣ ከዚያ ሞቅ ባለ ውኃ ወደታጠበው ጀበና ይገለበጣል፣ ሰክኖ ይቀዳል። ሁለተኛው ጥያቄ ፍሪዘሩ ምን ያህል ነው የሚል ነው፤ ብዙ ቦታ ከማቀዝቀዣው ጋር ያለችው አንዲት መሳቢያ ብቻ ናት። ሦስተኛው የጭስ ማንቂያው የት እንደተገጠመ ነው። ቡና ቤት ውስጥ መቁላት አይታሰብም፤ ቆልተን፣ ፈጭተን፣ በደንብ በሚገጥም ቆርቆሮ ይዘን ነው የሄድነው። ዕጣኑን እቤት ተውነው። የኪራዩ ውል የሚጨስ ነገር ሁሉ ይከለክላል፣ መጋረጃና ምንጣፍ ላይ የሚቀር ሽታ ደግሞ ቀጥሎ ለሚመጣው ቤተሰብ አይገባም።

ምግቡን በሁለት ከፈልነው። ከቤት የመጣው እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የተፈጨ ተልባና ሱፍ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ነው። እንጀራው ሁለት ሁለት እየሆነ ተጠቅልሎ ከቤት በረዶ ሆኖ ተነሳ፤ ማታ ከፍሪዘር የወጣው ጠዋት ለስላሳ ይሆናል። የወጥ ቁሌቱንም እናቴ ቤት ሳለን በዘይት አብስላ በዕቃ አድርጋው ነበር፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም በሰው ቤት ሽንኩርት ለረጅም ጊዜ ማቁላላት አልፈለግንም። ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቲማቲምና ዘይት ዊትቢ ሱፐርማርኬት ይገኛሉ፤ ተሸክሞ መሄድ አያስፈልግም።

የቀኑን ውሎ የሚወስነው የባሕሩ ሙላት ነው። ውኃው ሲሞላ አሸዋውን ሸፍኖ እስከ ግንቡ ይደርሳል፤ ሲጎድል ደግሞ እስከ ሳንድሴንድ መንደር ድረስ ባሕሩ ዳር በእግር ይኬዳል። የሰዓቱን ሰንጠረዥ በየቀኑ እናይና ልጆቹ ውኃው በሚጎድልበት ሰዓት ይጫወታሉ። ውኃው በኦገስትም ቀዝቃዛ ነው፤ ልጆቹ ግድ የላቸውም።

ለእኔ ግን ዊትቢ ማለት ኮረብታው ላይ ያለው ገዳም ነው። ከቸርች ስትሪት መጨረሻ 199 ደረጃ ይወጣል። በየመሐሉ ሰፋፊ የእንጨት መረማመጃዎች አሉ፤ ድሮ አስከሬን ተሸክመው የሚወጡ ሰዎች ሣጥኑን እያሳረፉ ይተነፍሱባቸው ነበር። እናቴም እየተቀመጠች ወጣች። አሁን የሚታየው ጣሪያ አልባ ፍርስራሽ ኋላ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ገዳሙን ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1539 አዘጋው። መጀመሪያ የተመሠረተው ግን በ657 ነው፤ መነኮሳቱንም መነኮሳይያቱንም የምታስተዳድር እመ ምኔት ነበረችው፣ ስሟ ሂልዳ። በ664 እዚህ ቦታ ላይ ሲኖዶስ ተቀምጦ ነበር፣ ጉዳዩም የፋሲካ ቀን ነው። ንጉሥ ኦስዊ በአየርላንዶች አቆጣጠር ሲያከብር ንግሥቲቱ በሮም ትከተል ነበር። ንጉሡ ጾሙን ፈትቶ በዓል ሲያደርግ እሷ ገና ሆሣዕና ላይ የምትሆንበት ዓመት እንደነበር የታሪክ ጸሐፊው ቤዳ ጽፏል። በመጨረሻ ንጉሡ ለሮም ፈረደ።

ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ትልቋ ልጄ ቀጥ ብላ አየችኝ። ትምህርት ቤቷ ፋሲካን አክብሮ ሲጨርስ እኛ ሕማማት ላይ የምንሆንባቸውን ዓመታት ታውቃቸዋለች፤ በባሕረ ሐሳብ የሚወጣው የእኛ ፋሲካ ከእነሱ የሚዘገይበት ጊዜ ብዙ ነው። «እዚህም አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ፋሲካ ነበረ ማለት ነው?» አለችኝ። ነበረ። በክፍሏ ብቻዋን የምትጾም ልጅ፣ በእንግሊዝ ምድር ከእሷ በፊት እንዲህ የጾመች ንግሥት እንደነበረች በዓይኗ ባየችው ቦታ መስማቷ እኔን ደስ አሰኝቶኛል። ከብት ጠባቂው ካድሞን በሕልሙ መዝሙር የተሰጠውም በዚሁ ገዳም ነው፤ መስቀሉ በደረጃው አናት ባለው መቃብር ስፍራ ቆሟል። እናቴ ወዲያው ቅዱስ ያሬድን አነሳች፣ ልጆቹም የትሉን ታሪክ እየሰሙ ወረዱ። እንግሊዛዊው የባሕር አሳሽ ካፒቴን ኩክ መርከበኝነት ሲማር ያረፈበት ቤት ሙዚየም ሆኗል፤ ባለቤቴና ወንዱ ልጄ ገብተው አይተውታል።

የጾም ምክሬ አንድ አለ። ድንች ጥብስ መቼም ጾም ነው ብላችሁ አትግዙ። በዮርክሸር ዓሣና ድንች ብዙ ቦታ የሚጠበሰው በቀለጠ የበሬ ሞራ ነው፤ ጣዕሙም ታዋቂነቱም ከዚያ ነው። በአትክልት ዘይት የሚጠብሱ አሉ፣ ቀድሞ መጠየቅ ነው። እኛ በ9 ሰዓት ቤት ገብተን ሱፍ ፍትፍት ወይም ሽሮ እንበላ ነበር፣ ልጆቹም ወደቡን አቋርጠው ሲመጡ የሚሸታቸውን ሁሉ ለነሐሴ 16 ቀጠሩት።

ቀኑ ሲደርስ ቅዳሴውን ከአጥቢያችን በስልክ ተከታተልን። ከዚያ ባለቤቴ ወደብ ወርዶ ማከሬል አመጣ። ፎርቹንስ ከሚባለውና ከ1872 ጀምሮ ዓሣ በጭስ ከሚያደርቀው ቤት ደግሞ ኪፐር ገዛ። ማከሬሉን በተረፈው ቁሌት ዓሣ ወጥ ሠራሁት፤ ቅባታም ስለሆነ ከበርበሬ ጋር በጣም ይስማማል። ኪፐሩን እናቴ ከእንጀራ ጋር ቀምሳ ድጋሚ ጠየቀች። ልጆቹ የፈለጉትን ዓሣና ድንች ማታ ግንቡ ላይ ተቀምጠው በሉ፤ የባሕር ወፎቹ ከእጅ ስለሚነጥቁ ጀርባን ለግድግዳ ሰጥቶ መቀመጥ ነው የሚሻለው።

መውጫው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ ቀጥሎ ለሚገባው ሰው ቤቱን የሚያጸዱት በዚያው ቀን ስለሆነ ማስረዘም አይቻልም። ስለዚህ በመጨረሻው ማታ ወጥ አንሠራም። ፍሪዘሩ ባዶ ይሆናል፣ መስኮቶቹ ተከፍተው ያድራሉ፣ የዓሣው ቆሻሻ ተጠቅልሎ ወደ ውጭው ማጠራቀሚያ ይሄዳል፣ ምድጃው በሆምጣጤ ይወለወላል። አከራይዋ በኋላ ቤቱ ንጹሕ እንደነበር ጽፋልን ለሚቀጥለው ኦገስትም ቀድማ ልትይዝልን ፈቅዳለች፤ እኛም ቀኑን ነግረናታል።