ዝም ብለው የሚበላሹ መሣሪያዎች

አንድ ሞተር ባላት ትንሽ አውሮፕላን ብቻዬን ስበር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ ሥራ ያቆመበትን ቅጽበት አላየሁም። ያየሁት ውጤቱን ነው፤ የተቆጣጣሪው ንግግር ተቆራርጦ ሲደርሰኝ ወደ ራዲዮው ዞር ብዬ ብመለከት ቁጥሮቹ ደብዝዘዋል፣ የኤሌክትሪክ መለኪያው መርፌም ከዜሮ ወደ ግራ ተንጋዶ ቆሟል። ባትሪው ሸክሙን ሁሉ ብቻውን ይዞ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ማወቅ አልቻልኩም፤ እስካሁን የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ብልሽት ያለኝ አስተሳሰብ ተለውጧል። በጩኸት የሚበላሽ ነገር አብራሪውን ያስደነግጠዋል እንጂ አያታልለውም። በበረራ ላይ በር ቢከፈት ነፋሱና ጩኸቱ ያስጨንቃል፤ ሆኖም አብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች በሩ እንደተከፈተ በደህና ይበራሉ፣ የሚያስፈልገውም ተመልሶ በተለመደው መንገድ ማረፍ ብቻ ነው። እኔ ይበልጥ የምፈራው ቀስ እያለ የሚሞተውን መሣሪያ ነው።

ዲናሞው ሲቆም በቅድሚያ ማስታወስ የሚገባው ሞተሩ እንደማይጠፋ ነው። በአብዛኞቹ የፒስተን ሞተሮች ላይ የእሳት ብልጭታውን የሚያመነጩት በሞተሩ ጉልበት የሚዞሩ ሁለት ማግኔቶዎች ስለሆኑ ባትሪው ጨርሶ ባዶ ቢሆንም ፕሮፔለሩ መዞሩን ይቀጥላል። ስለዚህ ክንፎቹን አስተካክዬ፣ የዲናሞውን ማብሪያ አንድ ጊዜ አጥፍቼ መልሼ አበራሁት፤ ለውጥ ባለመኖሩ የማያስፈልገውን ሁሉ ማጥፋት ጀመርኩ። ጤነኛ ባትሪ እንኳ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆያል ብሎ ማሰብ አይገባም፤ በራዲዮ መናገር ደግሞ ከማዳመጥ እጅግ የበለጠ ኃይል ስለሚወስድ ችግሬንና ሐሳቤን በአንድ አጭር መልእክት አሳውቄ ዝም አልኩ። ራዲዮው ፈጽሞ ቢጠፋ ኖሮ አውሮፕላኑን ለራዳር በሚያሳውቀው ትራንስፖንደር ላይ የራዲዮ መጥፋትን የሚያመለክተውን 7600 አስገብቼ ከመቆጣጠሪያው ማማ የሚላከውን የብርሃን ምልክት እጠብቅ ነበር፤ የማይቋረጥ አረንጓዴ ብርሃን ማረፍ ተፈቅዷል ማለት ሲሆን የማይቋረጥ ቀይ ደግሞ ለሌሎች ቅድሚያ ሰጥተህ መዞርህን ቀጥል ማለት ነው።

ከዚህ የከፋው ግን በደመና ውስጥ የሚያጋጥመው የቫኪዩም ፓምፕ መበላሸት ነው። በብዙ የቆዩ አውሮፕላኖች ውስጥ የአውሮፕላኑን ማዘንበል የሚያሳየውን ሰው ሠራሽ አድማስ የሚያሠራው ጋይሮ፣ ማለትም በፍጥነት የሚዞር ጎማ፣ የሚሽከረከረው በዚህ ፓምፕ በሚሳብ አየር ነው፤ ፓምፑ ሲቆም ጋይሮው ወዲያው አይቆምም፣ ለጥቂት ደቂቃዎች እየደከመ ይዞርና መሣሪያው ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ይጀምራል። አብራሪውም ያዘነበለው አውሮፕላኑ መስሎት ሲያስተካክል ቀጥ ብሎ ይበር የነበረውን አውሮፕላን ራሱ ያጋድለዋል። የውስጥ ጆሮ ደግሞ በዝግታ የተጀመረን መዞር ስለማይለይ ስሕተቱን በስሜት ማወቅ አይቻልም። የመዞሪያ መለኪያው በአብዛኛው በኤሌክትሪክ እንዲሠራ የተደረገው እርሱና ሰው ሠራሽ አድማሱ በአንድ ብልሽት አብረው እንዳይጠፉ ነው፤ ስለዚህ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ የቫኪዩም መለኪያውን ማየት፣ የሞተውንም መሣሪያ በወረቀት መሸፈን ያስፈልጋል። ወረቀቷ ተራ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን ዐይን ከልምድ የተነሣ ወደ ዋሸው መሣሪያ ደጋግሞ ይመለሳልና ያለ እርሷ እምነት ማጣት ብቻ አይበቃም።

የፍጥነት መለኪያውም እንዲሁ ይዋሻል። ከፊት የሚመጣውን አየር ተቀብሎ ወደ መለኪያው የሚያደርሰው የፒቶት ቱቦ አፍና የውኃ ማፍሰሻው ቀዳዳ በበረዶ ከተደፈኑ በውስጡ የታመቀው አየር መለኪያውን እንደ ከፍታ መለኪያ ያደርገዋል፤ አውሮፕላኑ ሲወጣ ፍጥነቱ የጨመረ ይመስላል፣ ፍጥነት ለመቀነስ አፍንጫውን ይበልጥ ያነሣ አብራሪም ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ወደሚያቅተው ደረጃ ይደርሳል። መድኃኒቱ የፒቶት ማሞቂያውን ማብራትና በሚታወቀው የሞተር ኃይልና የአፍንጫ ከፍታ መብረር ነው።

አየርና ነዳጅ በሚቀላቀሉበት በካርቡሬተር ውስጥ ስለሚፈጠር በረዶ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሙቅ አየሩ ሲከፈት የሚቀልጠው በረዶ ውኃ ሆኖ ወደ ሞተሩ ስለሚገባ ሞተሩ መጀመሪያ ይበልጥ ሊንገጫገጭ ይችላል፤ በዚያች ጊዜ ደንግጦ መልሶ መዝጋት ትልቅ ስሕተት ነው።

ትኩረት ራሱ ሊጠፋ እንደሚችል ከሁሉ በላይ የሚያስረዳኝ ግን የትልቅ አውሮፕላን ታሪክ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ሌሊት የኢስተርን አየር መንገድ በረራ 401 ወደ ማያሚ ሲቃረብ የፊት ጎማውን መውረድ የምታመለክተው አምፖል ሳትበራ ቀረች። የበረራ ሠራተኞቹ በአምፖሏ ተጠምደው ሳሉ አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው አውቶፓይለት ከፍታ መጠበቁን አቆመ፤ ማንም ሳያስተውል ከ2,000 ጫማ እየወረደ ረግረግ ላይ ተከሰከሰና 101 ሰዎች ሞቱ። ጎማው ወርዶ ነበር፤ የተቃጠለችው አምፖሏ ብቻ ነበረች።

እኔ በዚያ ቀን ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ፍላፕ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለነበር ሳላወርደው፣ ፍጥነቴን ጥቂት ጨምሬ፣ ረጅሙን መንደርደሪያ መርጬ አረፍኩ። ሜካኒኩ የሞተሩን ሽፋን ሲከፍት ዲናሞውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ተበጥሶ ከታች ተንጠልጥሎ አገኘው። አሁን ስበር በየአሥር ደቂቃው የኤሌክትሪክ መለኪያውን አነብና ያየሁበትን ሰዓት በጉልበቴ ላይ ባሰርኩት ወረቀት እጽፋለሁ።