ከሰዓቱ በፊት ኪሱን፦ በልጆቼ ፕሌይስቴሽን ላይ ገደብ ያበጀሁበት መንገድ

ወላጆች ስለ ልጆቻችን ጌም ስናወራ ወሬው ሁልጊዜ ሰዓት ነው። «ስንት ሰዓት ትፈቅጂለታለሽ?» «የእኔው ከስክሪኑ አልነቀል ብሏል።» ፕሌይስቴሽን 5 የሚባለው የጌም ማሽን ቤታችን ሲገባ እኔም መጀመሪያ የታየኝ ሰዓት መገደብ ነበር። ሴቲንጉን ከፍቼ አንድ በአንድ ሳነበው ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ልጅ ሰዓት ሲያሳልፍ በዓይኔ አየዋለሁ፤ ሳሎን ነው ያለው። ገንዘብ ሲወጣ ወይም የማላውቀው ሰው በጆሮ ማዳመጫው ሲያናግረው ግን አጠገቡ ተቀምጬም ላይታየኝ ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። መጀመሪያ የራሴን አካውንት፣ ቀጥሎ ገንዘቡን፣ ከዚያ ቻቱን፣ ሰዓቱን በመጨረሻ።

የራሴ ለምን ይቀድማል? በፕሌይስቴሽን የልጁን አካውንት የሚከፍተው አዋቂ የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ይሆናል። ሥልጣኑ ሁሉ እሱ ጋ ነው። ማሽኑ ሲበራ ደግሞ የተጠቃሚዎቹ ምስል ተደርድሮ ይመጣል። ልጁ የእናቱን ምስል መርጦ መግባት ከቻለ፣ በእሱ አካውንት ላይ ያበጀሁት ገደብ በሩን ቆልፎ መስኮቱን ክፍት እንደመተው ነው። ስለዚህ ለራሴ መግቢያ ባለ 4 አኃዝ ኮድ አደረግሁ። ግዢ ሲኖርም የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አዘዝኩ። ኮዱ የማንም የልደት ዓመት አይደለም፤ ልጆች መጀመሪያ የሚሞክሩት እሱን ነው።

ሌላም ኮድ አለ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው። የማሽኑ የራሱ ገደብ የሚከፈትበት ኮድ ነው። አዲስ ሲገዛ 0000 ነው። ይህን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ለማግኘት ለአንድ ልጅ ምንም ጊዜ አይፈጅበትም። ኮዱን ቀየርኩና እዚያው ገጽ ላይ አዲስ ተጠቃሚ መፍጠርንና በእንግድነት መግባትን ከለከልኩ። ያለዚህ ልጁ ራሱ አዲስ ተጠቃሚ ፈጥሮ ከገደቡ ውጭ መጫወት ይችላል። ይህን ዘዴ የነገረችኝ የ13 ዓመቷ ልጄ ናት። ጓደኞቿ እንደዚያ ነው አሉ የሚያደርጉት። እንዴት እንደምታውቀው አልጠየቅኋትም።

ከዚያ የልጆቹን አካውንት ከፈትኩ። ለትልቋ አንድ፣ ለ9 ዓመቱ ወንድሟ አንድ። እያንዳንዱ የየራሱ ኢሜይል ይፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ፦ ዕድሜውን ከፍ አድርጎ ሞልቶ ከጣጣው መገላገል። እኔ ትክክለኛውን የልደት ቀን ነው የሞላሁት። አዋቂ ተብሎ የተከፈተ አካውንት በወላጅ ቁጥጥር ሥር አይገባም። ያኔ ከታች የምዘረዝረው ሁሉ አይሠራም። «ሁለቱ በአንድ አካውንት ይጫወቱ» የሚሉም አሉ፤ እኔ አልስማማም። ለ13 ዓመት የተፈቀደው ለ9 ዓመቱ አይሆንም። ትልቋም መግቢያዋ ላይ ኮድ አለ፣ ምክንያቱም ትንሹ አድፍጦ የሚጠብቀው እሷ ወደ ሽንት ቤት የምትሄድበትን ሰዓት ነው።

ወደ ገንዘቡ። የልጅ አካውንት ወርሃዊ የወጪ ጣሪያ አለው። መነሻው 0 ነው። ልጁ የሚገዛው ከአስተዳዳሪው የገንዘብ ቋት ነው፤ ጣሪያውን ከፍ ካላደረግሁለት ምንም አይገዛም። ለትንሹ 0 ላይ ተውኩት። ለትልቋ ትንሽ ፈቀድኩላት፣ እንድታስብበት ብዬ። ወሩ ሳይጋመስ ጨርሳ ስትመጣም አልጨመርኩም።

ጌም ላይ የሚለጠፈው የዕድሜ ምልክት ስለ ገንዘብ ብዙ አይነግርም። ከምልክቶቹ ሁለቱን ልጥቀስ። በአሜሪካ የሚሠራበት ኢኤስአርቢ በ1994 ተቋቋመ። የአውሮፓው ፔጊ በ2003 መጣ፤ ጌሞችን በዕድሜ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 ብሎ ይከፍላል። አሁን ኤፍሲ 24 የሚባለውን የኳስ ጌም ውሰዱ። ፔጊ 3 ነው። ደም የለም፣ ስድብ የለም፣ ኳስ ነው። ግን ውስጡ የተጫዋቾች ፓኬት በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል። ማን እንደሚወጣልህ ከፍለህ ከከፈትከው በኋላ ነው የምታውቀው። ቤልጅየም በ2018 እንዲህ ያለውን ዕድል መሞከሪያ ከቁማር ቆጥራ ከለከለች። ኢኤስአርቢም በዚያው ዓመት «ጌሙ ውስጥ ግዢ አለ» የሚል ምልክት ጀመረ፤ በ2020 ደግሞ የሚገዛው ነገር በዕድል የሚወጣ ከሆነ ያንንም መግለጽ ጀመረ። እኔ አሁን ከዕድሜው ቁጥር በፊት የማነበው ይህችን ትንሽ መስመር ነው።

ደግሞ ገንዘቡ ገንዘብ አይመስልም። መጀመሪያ የጌሙን ሳንቲም ትገዛለህ፣ ከዚያ በሳንቲሙ ልብስ ወይም ጭፈራ። ልጁ በሁለተኛው ላይ ገንዘብ እያወጣ መሆኑ ጨርሶ አይታየውም። አዋቂም ይሸወዳል። በታኅሣሥ 2022 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ፎርትናይት የተባለው ጌም ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ለተጠቃሚዎች ተመላሽ የሚሆን 245 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ያደረገው በዚሁ ሰበብ ነው፦ ሰዎችን ሳያስቡት የሚያስገዙ አዝራሮች።

በዚያው ጉዳይ ሌላ 275 ሚሊዮን ዶላር ቅጣትም ነበር። እሱ የልጆችን የግል መረጃ ይመለከታል። ከቀረቡት ክሶች አንዱ ደግሞ የድምፅና የጽሑፍ ቻት ለልጆችም ሳይቀር ከመጀመሪያው ክፍት ሆኖ መምጣቱ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ቻቱን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ብዙ ጊዜ የበላኝም ቻቱ ነው። በማሽኑ በኩል ቀላል ነው፤ የልጁ አካውንት ላይ መገናኘትንና ሌሎች የሚለጥፉትን ማየትን የሚከለክል አንድ ምርጫ አለ። ለሁለቱም ከለከልኩ። ልጁ ለአንድ ጌም ብቻ እንዲፈቀድለት መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄው እኔ ጋ ይመጣል። ችግሩ ጌሞቹ የየራሳቸው አካውንት ያላቸው መሆኑ ነው። ፎርትናይት የኤፒክ አካውንት ይፈልጋል፤ የወላጅ ቁጥጥሩም እዚያ ውስጥ ለብቻው አለ። ማይንክራፍት የባሰ ነው። ፕሌይስቴሽን ላይ ሆኖም በሌላ ዓይነት ማሽን ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። የልጁ ፈቃድ የሚስተካከለው ደግሞ የማይክሮሶፍት የጌም ማሽን በሆነው በኤክስቦክስ የግላዊነት ገጽ ላይ ነው። ኤክስቦክስ ቤታችን የለም! ትንሹ «ከጓደኞቼ ጋር መግባት አልቻልኩም» ብሎ ሲያለቅስ ፕሌይስቴሽኑን ብፈትሽ ምንም አላገኘሁም። የተዘጋው እዚያኛው ጋ ነበር።

ከዚህ የወሰድኩት ልማድ ቀላል ነው። አዲስ ጌም ሲመጣ ልጁ ከመጀመሩ በፊት እኔ ከፍቼ ሦስት ነገር አያለሁ፦ የራሱ አካውንት ይፈልጋል? የድምፅ ቻት አለው? እሱን የምዘጋው የት ነው? ኢኤስአርቢ ራሱ በኢንተርኔት የሚደረገውን ግንኙነት እንደማይመዝን ይናገራል። ሰው የሚናገረውን አስቀድሞ ማን ሊመዝን ይችላል?

አሁን ሰዓት። እዚህ ማሽኑ ጎበዝ ነው፣ ግን ዳኝነት አይችልም። የቀኑን ርዝመትም፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት መጫወት እንደሚቻልም ትወስናለህ፤ ለየቀኑ የተለያየ ማድረግም ይቻላል። ጊዜው ሲያልቅ ሁለት ምርጫ አለ፦ ማሳሰቢያ ብቻ፣ ወይም ከማሽኑ ማስወጣት። ሁለተኛው ለወላጅ ደስ ይላል። ግን የአንዳንድ የቡድን ጌም አንድ ዙር 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ዙሩ መሀል ልጁ ቢባረር ቡድኑ ጎድሎ ይቀራል፣ ልጁም በእኔ ላይ ሳይሆን በዓለም ላይ ይናደዳል። ስለዚህ ከመወሰኔ በፊት ልጆቹን አጠገቤ አስቀምጬ የምትጫወቱት ጌም ዙሩ ስንት ደቂቃ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ለትልቋ ማሳሰቢያ ብቻ ሆነ፤ የያዘችውን ዙር ጨርሳ ታጠፋለች። ትንሹ ጋ ማሳሰቢያ የሚባል ነገር አይሠራም። ለእሱ ማስወጣቱን መረጥኩ፣ ግን ሰዓቱን ለሙሉ ዙሮች እንዲበቃ አድርጌ። ለዛሬ ብቻ መጨመር ሲያስፈልግ ከስልኬ እጨምራለሁ።

አንዲት ትንሽ ነገር፦ የሰዓት ቀጠናውን አረጋግጡ። የልጁ የጨዋታ ሰዓት የሚቆጠረው ሴቲንጉ ላይ በተመረጠው ቀጠና ነው። ስህተት ከሆነ አዲሱ ቀን በማይሆን ሰዓት ይጀምራል።

ኔንቲዶ ስዊች ላላችሁ አሠራሩ ይለያል። የስልክ አፑ ጥሩ ነው፣ ግን የስዊች የሰዓት ገደብ በማሽኑ ላይ እንጂ በልጁ ላይ አይደለም። ሁለት ልጆች ካሉ ታላቅየው የጨረሰው ሰዓት ከታናሹም ይቀነሳል። ኤክስቦክስ ላይ ገደቡ በየልጁ አካውንት ነው፤ የስልክ አፕም አለው።

የመጨረሻው ያስተካከልኩት የእኛን የወላጆችን ነገር ነው። አስተዳዳሪው ሌላ አዋቂን በቤተሰቡ ውስጥ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ብሎ መሰየም ይችላል። ባለቤቴን ሰየምኩት፣ ምክንያቱም ልጆቹ ፈቃድ የሚጠይቁት ሁልጊዜ እኔ ስብሰባ ላይ ስሆን ነው። አሁን እሱም ገደቦቹን ማስተካከል ይችላል። ልጆቹ ይህን ለማወቅ አልዘገዩም፤ እኔ እንቢ ያልኩትን ይዘው እሱ ጋ ይሄዳሉ። ስለዚህ ለአዲስ ጌምና ለገንዘብ ሁለታችን ሳንነጋገር ማንም አይፈቅድም ተባባልን። ሰዓት መጨመሩን ግን ለየራሳችን ተውነው፤ እሱ ከእኔ ይልቅ እጁ ሰፊ መሆኑን ልጆቹም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።