ትራስ ፍለጋ ወደ ጓሳ

የጉዞው ሰበብ አንድ ፎቶ ነው። ኒውዚላንድ የምትኖረው እህቴ ተራራ ወጥታ ያየችውን፣ እንደ ትራስ ጉብ ብሎ የሚበቅል አበባ አንስታ ላከችልኝ። ከሥሩ «እኛ አገር እንዲህ ያለ አለ?» የሚል ጥያቄ አለው። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ተጠይቄ ዝም አልልም። ጥቅምት ላይ የሦስት ቀን ፈቃድ ለምኜ ከአዳማ ወደ መንዝ ተነሳሁ።

እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን መንገድ ተኝቼ አለፍኩት። ከዚያ በኋላ ረዳቱ ለቦርሳዬ 100 ብር ጠየቀኝ። ቦርሳው እኮ ጭኔ ላይ ነው! «ጭንህስ የተቀመጠው የት ነው?» አለኝ። መኪናው ሙሉ ሳቀ፣ እኔም ከፈልኩ። አጠገቤ ያሉት እናት ያሳቀፉኝ ዶሮ ግን በነፃ ተጓዘ።

መሐል ሜዳ ሲመሽ ገባን። አልጋ 350 ብር፣ ብርድ ልብስ አንድ፣ እሱም ስስ። አዳማ ላይ አንሶላ ገፍፌ የምተኛ ሰውዬ ካልሲ ደራርቤ፣ ፎጣ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ አደርኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ ብርድ ልብስ ብጠይቅ ዘበኛው «ጠዋት ፀሐይ አለ» ብሎ አጽናናኝ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው መንዝ ያደረ መሆን አለበት።

ጠዋት ጓሳ በሚባለው፣ ኅብረተሰቡ በሚጠብቀው የሣር ደጋ ላይ አንድ አረጋዊ የጥበቃ ሠራተኛ አብረውኝ ሊዞሩ መጡ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። አዩኝና «ምነው ልጄ፣ ባዶህን መጣህ?» አሉኝ። ጃኬት ለብሻለሁ፣ ያውም አዲስ! መልስ ሳይጠብቁ ባናቸውን አውልቀው አለበሱኝ። የበግ ሽታ አለው፤ ግን ሙቀቱ!

ፎቶውን አሳየኋቸው። «የበግ ጀርባ ነው እንዴ?» አሉ። ብዙም አልተሳሳቱም፤ እዚያው ኒውዚላንድ ከሩቅ በግ ስለሚመስል «የአትክልት በግ» የሚባል ሌላ ተክል አለ። የእህቴ ግን ማዮሶቲስ ፑልቪናሪስ ነው፤ ፈረንጆች «አትርሳኝ» ከሚሏቸው አበቦች ወገን። በደቡቡ ደሴት፣ ኦታጎ አካባቢ፣ ነፋስ በሚያጓራበት ከፍታ ላይ ይበቅላል። በ1864 እ.ኤ.አ. ይህን ስም ያወጣለት ጆሴፍ ሁከር ነው። ማዮሶቲስ በግሪክ የአይጥ ጆሮ ማለት ነው፤ ፑልቪናሪስ ደግሞ በላቲን ትራስ መሰል። ቅርንጫፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ተጨናንቀው አንድ ጉብታ ይሠራሉ። ቅጠሎቹ ደቃቅ ናቸው፤ ነጭ ጸጉር ሸፍኗቸዋል። አበባው ነጭ ነው፣ ግንድ የለውም ማለት ይቻላል፤ ትራሱ ላይ አንድ አንድ እየሆነ ይቀመጣል። የሞተው ቅጠል ከውስጥ ስለማይወድቅ ውሃ እንደ ስፖንጅ ይይዛል። ነፋሱም ከላይ ተንሸራትቶ ያልፋል።

ሁለት ሰዓት ያህል በሆዴ ተሳብኩ። ጭላዳዎቹ ሣር መንቀላቸውን አቁመው እኔን ያዩ ጀመር። ትራስ የለም። በመጨረሻ አንዱን የጓሳ ሣር ጉቻ ስገልጥ አንዲት ቀጭን ነገር ተጋድማ አገኘሁ። አበባዋ ከክብሪት ራስ አትበልጥም፤ አምስት ቅጠል፣ ፈዛዛ ሰማያዊ። ያልፈነዱት እምቡጦች እንደ ጊንጥ ጅራት ተጠቅልለዋል፤ አንዱ ሲፈነዳ ጥቅልሉ ይፈታል። የአትርሳኝ ቤተሰብ የተለመደ መታወቂያው ይሄ ነው። ቅጠሏን በጣቴ ዳሰስኩ፣ ጸጉራም ነው። ማዮሶቲስ አቢሲኒካ፣ የእህቴ አበባ የአክስት ልጅ! ያኛው የራሱን ባና ሠርቶ ለብሷል። የኛዋ ምስኪን በጓሳው ባና ውስጥ ተጠግታለች። እኔም በሰው ባና ተጀቡኜ አጠገቧ ተጋድሜያለሁ።

አባባ «ጓሳው ባይጠበቅ ይቺም የለችም» አሉኝ። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት እየተዘጋ፣ ሲደርስ ለቤት ክዳን ይታጨድ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን አፈረሰው፤ ዛሬ ኅብረተሰቡ በሌላ አደረጃጀት ይጠብቀዋል። ይህን ሲነግሩኝ እሳቸው በሸሚዝና በስስ ኮት ነበሩ። ባናውን ልመልስ ብል «መኪናህ ሲመጣ» አሉኝ። መኪናው የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

አሥራ አንድ ፎቶ አንስቻለሁ። ነፋሱ ዘጠኙን አበላሸ። ደህናውን መርጬ ላክሁላት። እህቴ ማታ መለሰች፦ «አበባው የቱ ጋ ነው? እኔ የሚታየኝ ጥፍርህ ብቻ ነው፣ ቁረጠው።»