ደብረ ብርሃን በእግር

ወደ ደሴ እየሄድን መኪናችን ደብረ ብርሃን ላይ ቆመ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ከሰዓት ይሆናል ተባልን። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያው ቁጭ ብሎ መጠበቅ። እኔ ግን ሁሌ በመስኮት የማያትን ከተማ በእግሬ ልያት ብዬ ወጣሁ።

ብርዱ አይጣል ነው! ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ትንሽ ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ሥላሴን ተሳለምኩ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተማዋን የቆረቆሩት ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ይባላል። ስሟም ከዚያ መጣ።

መንገድ ዳር አንዲት እናት የመንዝ ባና፣ ያንን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ዘርግተዋል።

«ስንት ነው እማማ?»

«መጀመሪያ ዳስሰው እንጂ ልጄ!»

ዳሰስኩት። ይኮሰኩሳል፤ ጠረኑ ገና የበግ ነው። ጥቁርና ቡናማው የበጉ የራሱ ቀለም እንጂ ማቅለሚያ አልነካውም። ዋጋውን ሲጠሩ ደነገጥኩ።

«ልጅህ ይወርሰዋል» አሉኝ።

እኔ እንኳን ልጅ ሚስትም የለኝ! ተከራክሬ፣ ትንሽ አስቀንሼ ገዛሁ።

አሁን ጣርማ በርን አልፈናል። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ሳያስፈቅደኝ ግማሹን ባና ለብሶ ያንኮራፋል።