በቀበቶ ወይስ በኪሎ? የአውሮፓን የጁዶ ሻምፒዮና ታሪክ ሳጠና ያገኘሁት

ደሴ ላይ አብረን ጁዶ የምንለማመደው ጥቂት ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን ወደዚህ የመጣነው ከቴኳንዶ ሲሆን፣ ከወረኢሉና ከቦረና አካባቢ የመጡት ጓደኞቻችን ደግሞ ከብት ሲጠብቁ በትግል ያደጉ ናቸው። ባለፉት ወራት ከልምምዱ ጎን ለጎን የአውሮፓን የጁዶ ሻምፒዮና ታሪክ ሳነብና የቆዩ ግጥሚያዎችን በቪዲዮ ስመለከት ቆይቻለሁ። ለዚህ ያነሣሣኝ እኛን ራሳችንን ሁልጊዜ የሚያከራክረን ጥያቄ ነው፦ ማን ከማን ጋር ይግጠም? አሠልጣኛችን በቀበቶ ደረጃ ሲያጣምረን ኪሏችን አነስ ያለው ቅር ይለናል፤ በኪሎ ሲያጣምረን ደግሞ ጀማሪው ከነባሩ እጅ ይወድቃል። ይኸው ጥያቄ አንድን አህጉር ለዓመታት ሲያነጋግር እንደ ኖረ ስረዳ፣ ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍል ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጁዶ መሥራች ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ በ1882 ቶኪዮ በሚገኘው በኤይሾጂ ቤተ መቅደስ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ሲመሠርት፣ ተማሪዎቹን በኪሎ መለየት የሚያስፈልግበት ምክንያት አልታየውም። እርሱ ራሱ አካሉ አነስተኛ ነበር፤ ያስተማረውም የተጋጣሚን ሚዛን አናግቶ፣ ጉልበትን ሳያባክኑ መጣል እንደሚቻል ነው። አውሮፓውያኑም ጁዶን የተቀበሉት ከዚሁ እምነቱ ጋር ነበር። የአውሮፓ ጁዶ ኅብረት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1948 ለንደን ላይ እንደ ገና ተቋቋመና፣ በ1951 የመጀመሪያውን መደበኛ ሻምፒዮና ፓሪስ ላይ አካሄደ። ተወዳዳሪዎቹ የተከፋፈሉት በዳን፣ ማለትም በጥቁር ቀበቶ ደረጃቸው እንጂ በክብደታቸው አልነበረም። ባለ አንደኛ ዳን ከአቻው፣ ባለ ሁለተኛ ዳንም ከአቻው ጋር ይገጥማል፤ ከዚያ በተጨማሪ ደረጃ የማይጠየቅበት ክፍት ውድድር ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሻምፒዮኖች አንዱ ፈረንሳዊው ዣን ደ ኸርት ነው። በቀበቶ መክፈል ለዕውቀት ክብር የሚሰጥ አሠራር በመሆኑ እኔም መጀመሪያ ላይ ልቤ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር።

ይህን እምነት የፈተነው ኔዘርላንዳዊው የዩትሬክት ከተማ ልጅ አንቶን ኼሲንክ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ክብደቱም ከመቶ ኪሎ በላይ ነበር፤ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1967 ድረስ 21 የአውሮፓ ሻምፒዮና ድሎችን ሰብስቧል። ሰውየውን በግዙፍነቱ ብቻ የሚገልጹት ሰዎች ግን የበደሉት ይመስለኛል። ቪዲዮዎቹን ደጋግማችሁ ብታዩ እግሩ ቀልጣፋ እንደ ነበረና ትዕግሥቱም የሚያስደንቅ እንደ ነበረ ትመለከታላችሁ። በ1961 ፓሪስ ላይ ጃፓናዊውን ኮጂ ሶኔን አሸንፎ ጃፓናዊ ያልሆነ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በገባበት በ1964 ደግሞ፣ ጃፓኖች ሦስቱን የክብደት ክፍሎች ካሸነፉ በኋላ፣ ክብደት በማይለይበት በክፍቱ ውድድር ፍጻሜ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን በቶኪዮው ኒፖን ቡዶካን አዳራሽ፣ በአገሩ ሕዝብ ፊት፣ በኬሳ-ጋታሜ፣ ማለትም ተጋጣሚን በጀርባው አስተኝቶ ከጎን በመያዝ፣ አስቀረው። ድሉ ሲታወጅ ወደ ታታሚው፣ ወደ መጋጠሚያው ምንጣፍ፣ ሊሮጡ የተነሡትን ኔዘርላንዳውያን ኼሲንክ እጁን ዘርግቶ መለሳቸው። ተሸናፊውን ማክበር ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ያንን አያያዝ ከአሠልጣኛችን ጋር ቀስ አድርገን ፈታትተን ተለማመድነው። ከወደቀው ሰው በስተቀኝ፣ ዳሌን ከብብቱ ሥር አስጠግቶ መቀመጥ፤ ቀኝ ክንድን በአንገቱ ዙሪያ ማሳለፍ፤ የእርሱን ቀኝ እጅ በእጅጌው ይዞ በራስ ግራ ብብት ሥር አጥብቆ መቆለፍ፤ ቀኝ እግርን ወደ ፊት፣ ግራውን ወደ ኋላ አራርቆ መዘርጋትና ራስን ዝቅ ማድረግ። ቁም ነገሩ ያለው ክብደትን ወደ መሬት ሳይሆን ወደ ጎድኑ በማሳረፍ ላይ ነው። ዳሌ ከተጋጣሚው የአንድ መዳፍ ያህል እንኳ ከራቀ፣ ከሥር ያለው ሰው ወገቡን ወደ ላይ አንሥቶ እንደ ድልድይ በመጉበጥ ይገለብጣል። በዚያ ዘመን ለሙሉ ነጥብ 30 ሰከንድ መያዝ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ 20 ይበቃል። ከእኛ መካከል ቀለል ያለችው ልጅ ዳሌዋን በሚገባ ስታስጠጋ፣ ከእርሷ በብዙ ኪሎ የሚበልጠው ጓደኛችን መነሣት አቅቶት አይተናል፤ ይሁንና መጀመሪያ መሬት ላይ መጣሉ ለእርሷ ሌላ ሥራ ነው፤ የኪሎ ልዩነት የሚከብደውም እዚያ ላይ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የክብደት ክፍሎች ወደ አውሮፓው ሻምፒዮና ገቡ። በዚያው ጊዜ፣ በ1962 ኤሰን ከተማ በተካሄደው ሻምፒዮና፣ ሳምቦ የተባለው የሶቪየት ኅብረት ትግል ታጋዮች ብቅ አሉ። ጃኬት ለብሰው በመታገል ያደጉ ስለ ነበሩ ለአውሮፓ ጁዶ እንግዳ የሆነ አያያዝ ይዘው መጡ፤ እግር ይዞ መጣልን ጭምር። ይህን ስተርክ ከወረኢሉ የመጣው ጓደኛችን ወዲያው፣ «እኛ አገርስ እግሩን ይዞ ያነሣው አይደል ጎበዝ የሚባለው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን ግን በ2010 እግር መያዝን መገደብ ጀምሮ በ2013 ጨርሶ ከለከለው። ትልቁን ጓደኛችንን እግሩን ይዞ ማንሣት የለመደ ሰው አሁን ያንን ጉልበቱን ወደ ኦሶቶ-ጋሪ፣ ማለትም በእግር ጠልፎ ወደ ኋላ ወደ መጣል፣ ማዞር አለበት፤ የእረኛ ትግል ልምድ ያላቸው ልጆች ጠለፋውን ከሁላችንም ፈጥነው ይይዙታል።

የሴቶች የአውሮፓ ሻምፒዮና በ1975 ሙኒክ ላይ ተጀመረ፤ የዓለሙ በ1980 ኒውዮርክ ላይ ተከተለ፤ ሴቶች በኦሎምፒክ በይፋ ለሜዳሊያ የተወዳደሩት ደግሞ በ1992 ባርሴሎና ነው።

ለእኛ ለአፍሪካውያን የሚቀርበው ምዕራፍ ግን የክፍቱ ውድድር የመጨረሻ ዘመን ነው። በ1984 ሎስ አንጀለስ በተካሄደው የመጨረሻው የኦሎምፒክ ክፍት ውድድር ፍጻሜ፣ ግብፃዊው መሐመድ ራሽዋን ቀኝ እግሩ የተጎዳውን ጃፓናዊ ያሱሂሮ ያማሺታን ገጥሞ የብር ሜዳሊያ ወሰደ፤ በዚያ ግጥሚያ ባሳየው ጨዋነትም ተመስግኗል። ከዚያ ወዲህ የኦሎምፒክ ጁዶ ለግል ተወዳዳሪዎች በኪሎ ብቻ ሆነ። ዛሬ ወንዶች ከ60 ኪሎ በታች እስከ ከ100 ኪሎ በላይ በሰባት ክፍል፣ ሴቶችም ከ48 በታች እስከ ከ78 በላይ በሰባት ይገጥማሉ። የካኖ ትምህርት ተሻረ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ክብደት ባይለይ ኖሮ የ60 ኪሎው ሰው ዕውቀት ከግዙፎቹ ሥር ተዳፍኖ ይቀር ነበር፤ እርሱን አይተን የምንማረውም አንኖርም ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ከአሠልጣኛችን ጋር ተነጋግረን በልምምዳችን ላይ አንድ ነገር ለውጠናል። የመውደቅና የመጣል ልምምዱን በቀበቶ ተጣምረን፣ ትልቁም ትንሹም እየተቀያየረ እንሠራለን፤ የሰዓት ግጥሚያውን ግን ሚዛን ላይ ወጥተን፣ ኪሎ ለኪሎ እንገጥማለን። ማጉረምረሙ ቀንሷል፤ ቀለል ያሉት ልጆችም ከመከላከል ወጥተው ማጥቃት ጀምረዋል። ቀጥዬ የማጠናው የአፍሪካን ሻምፒዮና ነው፤ ከቱኒዚያ፣ ከአልጄሪያና ከግብፅ ተወዳዳሪዎች እጀምራለሁ፤ በየከተማችሁ የምትለማመዱ ወንድሞችና እኅቶች እናንተስ በምን እንደምትጣመሩ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።