ወናፉ ያልደረሰለት ሌንስ

ያን ዕለት ቦርሳውን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ሌንሶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ያጸዳሁት፣ በጨርቅ የጠቀለልኩት፣ የቱ ይሂድ የቱ ይቅር ብዬ የወሰንኩትም እኔው ነኝ። በሌላ ሰው ላይ የማሳብበው ነገር የለም።

የምሠራው ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ በ4 በ5 ኢንች ፊልም ከሚያነሡ አንድ አንጋፋ ፎቶ አንሺ ጋር ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ካሜራቸው በድሮ ፎቶ ቤቶች የምናውቀው ዓይነት ነው፤ ከፊት ሌንስ፣ ከኋላ ምስሉ ተገልብጦ የሚታይበት ደብዛዛ መስታወት፣ በመካከላቸው እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚለጠጥና የሚሰበሰብ ቆዳ። እኛም ወናፍ ነው የምንለው። ፎቶ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ መስታወቱ ላይ ያተኩራል፤ ከዚያ አንድ ሉህ ፊልም አስገብቶ አንድ ፎቶ ያነሣል። የእኔ ድርሻ ፊልሙን በጨለማ መያዣው ውስጥ ማስገባት፣ የታጠበውን ስካን ማድረግና የጉዞ ዕቃ ማሰናዳት ነው።

አንድ ደንበኛ ለእንግዳ መቀበያው ግድግዳ 3 ሜትር ስፋት ያለው የአሸዋ ኮረብታ ፎቶ፣ በጥቁርና ነጭ፣ አዘዘ። ጋሼ ቦታውን ወዲያው መረጡ፤ ካሊፎርኒያ ያለው የዴዝ ቫሊ በረሃ፣ ስቶቭፓይፕ ዌልስ ከምትባለው መንደር አጠገብ ያለው የሜስኪት ፍላት አሸዋ። ታዋቂው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ኤድዋርድ ዌስተን በ1930ዎቹ መጨረሻ በ8 በ10 ኢንች ካሜራ የሠራበት፣ ሌላው ታዋቂ ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስም የተመላለሰበት በረሃ ነው። ትልቁ የአሸዋ ኮረብታ 30 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ግን ዙሪያውን ተራራ ስለከበበው፣ ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው አሸዋው ገና የተቀረጸ ይመስላል።

ጋሼ ጥር ላይ ብቻቸውን ሄደው ነበር። ካሜራ አልያዙም፤ የያዙት አንድ ካርቶን ነው። ካርቶኑ መካከሉ ላይ በፊልሙ ልክ ተቆርጧል። ከጥጉ አንድ ክር ተንጠልጥሏል፤ ክሩ 90፣ 150፣ 240 እና 360 ሚሊሜትር ላይ ተቋጥሯል። እነዚህ የሌንሶች ቁጥሮች ናቸው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ «ሰፊ» ነው፣ ሲያድግ «ረጅም» ይባላል፣ ሩቁንም አቅርቦ ያሳያል። ቋጠሮውን ከዓይን አጠገብ ጉንጭ ላይ ይዞ ክሩ እስኪወጠር ካርቶኑን ወደፊት መግፋት ነው። በቀዳዳው የሚታየው፣ ያ ሌንስ የሚያየው ነው። ከዚህ የቀለለና የታመነ የሌንስ መምረጫ እስከዛሬ አላየሁም። አስቦ የሚሄድ ሰው ሁሉ ቢይዘው እመክራለሁ። እሳቸው የፈለጉት ሸንተረር፣ ሁለት ጊዜ ተጥመዝምዞ ከተራራው ግርጌ ጋር የሚገናኘው፣ ቀዳዳውን ልክ የሞላው በመጨረሻው ቋጠሮ ላይ ነበር። ሲመለሱ «360 ነው» አሉኝ።

እኔ ግን ያንን 360 አልወደውም ነበር። ኒኮር ቲ ነው፤ ቴሌፎቶ። ብርሃን ከፍቶ ከሚዘጋው ትልቁ ሸተሩ ጋር 800 ግራም ያህል ይመዝናል። በእንዲህ ያለ ካሜራ ሌንሱን ለብቻው ዘንበል ማድረግ ይቻላል፤ ይህን ግን ዘንበል ሲያደርጉት ምስሉ መስታወቱ ላይ ስለሚንሸራተት ፍሬሙን እንደገና መያዝ፣ እንደገና ማተኮር ያስፈልጋል። መደርደሪያው ላይ ከጎኑ ያለው ፉጂኖን ሲ 450 ደግሞ 270 ግራም ብቻ ነው። ፊቱ ላይ የሚገጠመው ባለ ቀለም መስታወት፣ ፊልተሩም፣ እንደ 240ው ባለ 52 ሚሊሜትር ስፋት ስለሆነ ቢጫውና ቀዩ ፊልተር ለሁለቱም ይሆናል። በአሸዋ ላይ የጋሼን ቦርሳ የምሸከመው እኔ ነኝና ግማሽ ኪሎ መቀነሱ ትልቅ ነገር ሆኖ ታየኝ። ደግሞም ረዘም ያለ ሌንስ ቢኖረን ጥቂት ወደኋላ ሸሸት ብለን እናነሣለን ብዬ አሰብኩ። ሌንሱን ከወራት በፊት ስቱዲዮ ውስጥ በባለ ሐዲዱ፣ ወናፉ በሐዲድ ላይ በሚለጠጠው ከባዱ ካሜራችን ሞክሬው ጥርት ብሎ ነበር። ስለዚህ 90፣ 150፣ 240 እና 450 አልኩና 360ውን መደርደሪያው ላይ ተውኩት።

ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው ጋሼን ጉልበታቸውን አመማቸው። ከባዱን ባለ ሐዲድ ካሜራ ትተን ቀላሉን የእንጨት ታጣፊ እንድንይዝ በስልክ ነገሩኝ። ካሜራውን ቀየርኩ። ሌንሶቹን ግን ደግሜ አላየኋቸውም፤ ቦርሳው ተዘግቶ ነበር። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት «ረጅሙን ይዘሻል አይደል?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ ይዣለሁ» አልኳቸው። እሳቸው 360 ማለታቸው ነው፤ እኔ 450 ማለቴ ነው። ያቺን አጭር ንግግር አሁንም ሳስባት ታመኛለች፤ ቁጥሩን ብጠራ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ከላስ ቬጋስ የወጣነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነዳንና ከመንገዱ ዳር አቁመን፣ የግንባር ባትሪ አስረን ወደ አሸዋው ገባን። ከዋዜማው ጀምሮ ነፋስ ሲያጓራ ስላደረ ጋሼ ደስ ብሏቸዋል። ሜስኪት ፍላት ሰው የሚበዛበት ቦታ ነው፤ የሰንበት ጎብኚ ረግጦት የሄደውን አሸዋ ነፋስ ካላጠበው ፎቶ አይሆንም። ያን ሌሊት ታጥቦ ነበር፤ በባትሪው ብርሃን የነፋስ ጥለት እንጂ የእግር ምልክት አይታይም።

ጋሼ ቦታቸውን በካርቶናቸው አረጋገጡ። ትራይፖዱን ተከልኩ፣ ካሜራውን ዘረጋሁ፣ 450ውን ገጠምኩ። ጨርቁ ውስጥ ስገባ መስታወቱ ጨለማ ነው። ይህ አላስደነገጠኝም፤ ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ እንኳ ኤፍ 12.5 (ይህ ቁጥር ሲበዛ የብርሃን ቀዳዳው ይጠባል) ስለሆነ እስከ ኤፍ 5.6 ከሚከፈተው ሌንስ አንድ አምስተኛውን ብርሃን ነው የሚያስገባው። ሰማዩ እስኪነጣ ጠበቅሁ። ሲነጣም መስታወቱ ላይ ያለው ግራጫ ደመና ብቻ ሆነ። ወናፉን ለጠጥኩት። አሁንም ደመና ነው። እስከ መጨረሻው ለጠጥኩት።

«ምን ሆነ?» አሉኝ ከውጭ።

«ጭጋግ ሳይሆን አይቀርም ጋሼ፤ አልጠራም አለኝ።»

ጨርቁን ገልጠው ገቡና ወዲያው ወጡ። እጃቸውን በተወጠረው ወናፍ ላይ አሳለፉት።

«የቱን ነው የገጠምሽው?»

«450ውን።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ልጄ፣ ይሄ ካሜራ እኮ ቢለጠጥ ሠላሳ ሳንቲ ነው።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ቴሌፎቶ ያልሆነ ሌንስ ሩቁን ነገር ለማጥራት ከራሱ ቁጥር ጋር የሚቀራረብ የወናፍ ርዝመት ይፈልጋል። 450ው ከ420 ሚሊሜትር በላይ ነው የሚጠይቀው። ስቱዲዮ ያለው ካሜራ ወናፉ ግማሽ ሜትር ስለሚደርስ ችግሩ ፈጽሞ አልታየኝም። 300 ሚሊሜትር ላይ በሚያልቅ ወናፍ ግን ያ ሌንስ ተራራውንም፣ አሸዋውንም፣ እግሬ ሥር ያለውን ጠጠርም አያጠራም። 360ው ከባድ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነበር፤ ቴሌፎቶ ሆኖ የተሠራው ወናፍ ለመቆጠብ ነው። ቁጥሩ 360 ይሁን እንጂ የሚበቃው 260 ሚሊሜትር ያህል ነው። እኔ ክብደቱን ስጠላ ጥቅሙን አላየሁለትም።

ብርሃኑ ከተራራው ጫፍ ወርዶ ሸንተረሩን ሊነካው ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ጋሼ አልተቆጡም። «240ውን ስጪኝ» አሉ።

ለምን ጠጋ አላላችሁም የሚል ይኖራል። እኔም ያኔ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ሁለት ነገር ይከለክላል። ጠጋ ሲሉ ሸንተረሩ ያድጋል፣ ተራራው ግን እዚያው በሩቁ ይቀራል፤ ስለዚህ ሁለቱን አጠጋግቶ የያዘው ምስል ይፈርሳል። ሁለተኛው የአሸዋው የራሱ ጠባይ ነው፤ ወደፊት የረገጥሽው እያንዳንዱ እርምጃ በፎቶው ውስጥ ይቀራል። ሜዳና ከተማ ውስጥ የሌንስን እጥረት እግር ያሟላል፤ በአሸዋ ላይ ግን እግር ፎቶውን ያበላሻል። ረጅም ሌንስ እዚህ አስፈላጊ የሆነው በዋናነት ለዚህ ነው።

ጋሼ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ በ240ው ስድስት ሉህ አነሡ። ረፋዱ ላይ ከአሸዋው መካከል ወዳለው የተሰነጣጠቀ የሸክላ መሬት ወርደን በ150ው ሠራን። እዚያ ደግሞ የትልቅ ፊልም ካሜራን ጸጋ አየሁ። ሌንሱ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ቆሟል። ወደፊት 6 ዲግሪ ያህል ዘንበል ስናደርገው፣ ከእግራችን ሥር ካለው ስንጥቅ እስከ ተራራው ድረስ መሬቱ በአንድ ጊዜ ጠራ። ወደ 5 ሰዓት ገደማ ግን ሩቁ መሬት ላይ ሙቀቱ መርገብገብ ጀመረ። አየሩ ሲርገበገብ ረጅም ሌንስ ቢኖርም ዋጋ የለውም። የረጅሙ ሌንስ ሰዓት ማለዳው ብቻ ነበር፤ እሱም አልፏል።

ፊልሙን አጥበን ስካን ሳደርገው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በ240 የተነሣውን 360ው በሚያይበት ልክ ስንቆርጠው ከፊልሙ የሚቀረው 44 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ጋሼ አንድ ቁራጭ በሙሉ መጠኑ አትመው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ከሩቅ ያምራል። ሲጠጉት አሸዋው አሸዋ መሆኑ ቀርቶ የፊልም ቅንጣት ሆኗል። ሰው በአጠገቡ የሚያልፍበት ግድግዳ ስለሆነ አወረዱትና ለደንበኛው ደውለው ጊዜ ጠየቁ። ስልኩን ሲያናግሩ ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው ነው የተናገሩት። ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ነበር። እኔ እንደሆንኩ ልናገር ብዬ ስነሣ እጃቸውን አወዛውዘው አስቀመጡኝ።

በዚያው ሳምንት ሌንሶቹን በሙሉ አውጥቼ በነጭ ቀለም ብዕር እያንዳንዱ ሌንስ በሚገጠምበት ሰሌዳ ጀርባ ላይ ሩቁን ለማጥራት የሚፈልገውን የወናፍ ርዝመት ጻፍኩ። ካሜራዎቹም ላይ ወናፋቸው ቢበዛም ቢያንስም ስንት እንደሆነ ጻፍኩ። የሚያንሰው ቁጥርም አይናቅም፤ ሰፊው 90 ሲገጠም ወናፉ በጣም ተጨፍልቆ መንቀሳቀሻ ያጣል። አሁን ሌንስ ስመርጥ መጀመሪያ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አቆማለሁ፤ የሚሄደውን ሌንስ ሁሉ በዚያው ካሜራ ላይ ገጥሜ፣ በመስኮት ሩቅ ያለ ሕንፃ መስታወቱ ላይ ጠርቶ ካላየሁ ቦርሳ ውስጥ አይገባም። ካሜራ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ነው። በስልክም «ረጅሙ» «ሰፊው» አንባባልም፤ ቁጥር ነው የምንጠራው።

ስለ በረሃ ሌንስ የምለውም አለኝ። ሰው በረሃ ሲባል ሰፊ ሌንስ ይዞ ይሮጣል። 90ው ከፊት የሚያሳየው ነገር ካለው፣ የጨው ጠርዝ ወይም የደረቀ ቁጥቋጦ ካለ፣ ድንቅ ነው። ከሌለው ግማሹ ባዶ ሰማይ ግማሹ ባዶ መሬት ይሆንበታል። ሕንፃ ስለሌለ ሌንሱን ብዙ ከፍ ማድረግም አያስፈልግም። ስለዚህ የምስል ክቡ (መስታወቱ ላይ የሚጥለው ክብ ምስል) ግዙፍ የሆነውን ከባድ ሌንስ ለከተማ ሥራ መተው ይቻላል። አንድ ብቻ ያዢ ብባል 240ውን ነው የምይዘው። ጋሼ ይህንኑ የእንጨት ካሜራ ይዘው ዳሎል የመሄድ ሐሳብ አላቸው፤ የዴዝ ቫሊ ዝቅተኛ ቦታ ባድዋተር ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ነው፣ የእኛው ዳናክል ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚያ ቢጫና አረንጓዴው የጨው ቅርጽ እግር ሥር ስለሆነ 90ው ሥራ ያገኛል። ለጨው ጫኝ የግመል ቅፍለት ደግሞ 360ው። ዝርዝሩን ከአሁኑ ጽፌዋለሁ፣ ከነወናፍ ርዝመቱ።

ወደ ሜስኪት ፍላት የተመለስነው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሌላ ነፋስ ጠብቀን ነው። 360ውን እኔ ተሸከምኩት። መስታወቱ ላይ ተራራው ተገልብጦ፣ ጥርት ብሎ ተንጠለጠለ። ሸንተረሩ ግን ያ ሸንተረር አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነፋስ ሲያንቀሳቅሰው ከርሞ ሁለተኛው መታጠፊያ ጠፍቷል። ጋሼ ካርቶናቸውን ይዘው ሩብ ሰዓት ያህል ተዘዋወሩ፣ ሌላ ቦታ መረጡ፣ አራት ሉህ አነሡ። ደንበኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ከእነዚያ አንዱ ነው፤ ጥሩ ፎቶ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሸንተረር፣ ሁለት ጊዜ ተጥመዝምዞ ተራራውን የሚነካው፣ በ240ው ፊልም መካከል ትንሽ ሆኖ ፋይል ውስጥ አለ።